ከባዱ ክንድ፤ የራስ አበበ አረጋይ ሕይወት ባጭሩ

ከዚራ ተወልዶ ላደገ ሰው የታሪክ ትምህርት የሚጀምረው ከባቡር ጣቢያው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ የተሰደዱት በዚሁ በድሬዳዋ በኩል ነበር። በልጅነታችን ስለ ሄዱት ብዙ ሰምተናል፤ ባቡሩን ስላልተሳፈሩት ስለ አዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ ግን የነገረን ሰው ጥቂት ነው።

እኒህ ሰው ባላምባራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። በ1895 ዓ.ም. የተወለዱ፣ በእናታቸው በኩል የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። ዋና ከተማው በዘረፋና በእሳት ሲታመስ፣ ሥራቸው ጸጥታ ማስከበር የነበረው አዛዥ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ገጠር ወጡ። በሐምሌ ወር አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከተዋጉት አርበኞች አንዱ ሆኑ። ውጊያው ባይሳካም አምስት ዓመት በዱር በገደል ቆዩ፤ አንዳንዴ በጦር፣ አንዳንዴም እርቅ የሚፈልጉ በመምሰል ጠላትን አደከሙት።

ከድል በኋላ ራስ ተባሉ። ከዚህ ወዲህ ያለው ታሪክ ግን እንደ ፊተኛው በኩራት አይነገርም። በትግራይ የወያኔ ዐመፅ ሲነሣ የመንግሥቱን ጦር የመሩት እሳቸው ነበሩ። በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ ከኤደን የመጡ የእንግሊዝ አይሮፕላኖች መቀሌን በቦምብ ደበደቡ፤ መሣሪያ ያልያዘ ሰው ሞተ። ዐመፁ ጸጥ አለ፤ ሕዝቡም ከባድ ቅጣት ተጣለበት። ገበሬው በግብርና በሹማምንት በደል ላይ ያሰማው አቤቱታ ግን መልስ ሳያገኝ ቀረ። በእኔ አስተያየት ራስ አበበ እስከ መጨረሻው ፖሊስ ነበሩ፤ ጩኸቱ ሲቆም ነገሩ ያለቀ ይመስላቸው ነበር።

ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኑ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ሳሉ፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው አዳራሽ ከሌሎች መኳንንትና ሚኒስትሮች ጋር በጥይት ተገደሉ። ያ ቤተ መንግሥት ብዙ ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆነ፤ ስድስት ኪሎ የተማረ ሁሉ ደጁን ረግጧል።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ክንዱ አንድ ነበር። በጠላት ላይ ሲያርፍ አመሰገንነው፤ በወገን ላይ ሲያርፍ ዝም አልን። አርበኛውን ስናከብር የመቀሌን ሙታን አንርሳ፤ ስለ መቀሌ ስናዝንም ባቡሩን ትተው ጫካ የገቡትን ሰው አንካድ። ሁለቱን አንድ ላይ መናገር ያልቻለ ትውልድ ነገ ከባድ ክንድ ሲነሣበት የሚያጨበጭብ እንጂ የሚጠይቅ አይሆንም።