አስቴር ጋኖ፤ ከሊሙ እስከ እምኩሉ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚጓዝ ሰው የጊቤን በረሃ ተሻግሮ፥ አቀበቱን ወጥቶ አሰንዳቦ ሲደርስ አገሩ ይለወጥበታል። ሙቀቱ ይቀራል፤ ዋንዛውና ብሳናው ይበዛል፤ በዛፉ ጥላ ሥር ቡናው መታየት ይጀምራል። ከዚያ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ ተራሮቹን ተሻግሮ፥ የሊሙ አገር አለ። ይህች ጽሑፍ ከዚያ አገር በልጅነቷ ተነጥቃ ስለ ሄደች ሴት ናት።

በትምህርት ክፍላችን ሊሪክ የሚባለው የግጥም ዓይነት ስሙን ያገኘው ግሪኮች ሊራ ከሚሉት፥ ክራር ከሚመስለው መሣሪያ እንደ ሆነ እንማራለን። ተፈጥሮና ብቸኝነት የዚህ ግጥም ዋና ርእሶች መሆናቸውን ስንሰማ፥ ወዲያው የሚታወሰን በእንግሊዝ አገር በሐይቆችና በኮረብቶች መካከል ብቻውን ይዘዋወር የነበረው ወርድስወርዝ ነው። ነገር ግን ብቸኝነት ሁሉ ፈቅደው የሚሄዱበት ሽርሽር አይደለም። በእኛ አገር ስለ ወንዝና ስለ ዱር የተዜመውን ግጥም በወረቀት ካሰፈሩት ቀዳሚ እጆች አንዱ፥ ብቸኝነት በግድ የተጫነባት የአንዲት ልጃገረድ እጅ ነው። የሕይወቷን ታሪክ በአጭሩ እናውሳ፤ ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አስቴር ጋኖ የተወለደችው በ1872 ገደማ በሊሙ እናርያ ነው። ሊሙ በዚያ ዘመን ከአምስቱ የጊቤ ኦሮሞ መንግሥታት አንዷ ስትሆን፥ የተቀሩት ጅማ፥ ጎማ፥ ጉማና ጌራ ነበሩ። ወደ ሰሜን የሚሄደው የሲራራ ነጋዴ ከዚህ አገር ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስ፥ ወርቅና ቡና ይጭን ነበር፤ ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ሰው ይነዳ ነበር። የተለመደው የንግድ መንገድ በጉድሩ አልፎ፥ ዓባይን ተሻግሮ፥ በጎጃም በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይወርዳል። በጉድሩ የነበረው ስመ ጥር ገበያም አሰንዳቦ ይባል ነበር፤ ከጅማው አሰንዳቦ ጋር የሚገናኘው ግን በስም እንጂ በቦታ አይደለም። በእነዚህ ገበያዎች ስንት ሕፃን ከእናቱ እንደ ተለየ ማን ቈጥሮት!

አስቴር የተወለደችው ከጨዋ ወገን ነው፤ ባርያ ያደረጋት የሊሙ ንጉሥ ነው። ተሸጣ ከአገሯ ወጣች፤ ቀይ ባሕር ደረሰች፤ ወደ ዓረብ አገር በምትሻገር ጀልባም ላይ ተጫነች። በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ያችን ጀልባ በባሕር ላይ ያዟትና በውስጧ የነበሩት ባሮች ነፃ ወጡ። አስቴር ያን ጊዜ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ያህል ነበረች። ከምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተቀበላት።

እንግዲህ ነፃነት መጣ፤ አገር ግን አልመጣም። እምኩሉን ከሊሙ ጋር ማስተያየት ብቻ ይበቃል። በአንዱ ዘንድ ጉሬዛ የሚዘልበት ጥቅጥቅ ያለ ደን፥ የማይነጥፍ ምንጭ፥ ጉም የሚያለብሰው ኮረብታ አለ፤ በሌላው ዘንድ ነጭ አሸዋ፥ የጨው ሽታና እንደ ምድጃ የሚጋረፍ ነፋስ አለ። ከእርሷ ጋር ነፃ የወጡ ሌሎች የኦሮሞ ልጆች በትምህርት ቤቱ ቢኖሩም፥ እናትና ወንዝ ግን አልነበሩም። ከሊሙ ይዛው የመጣችውና ነጋዴ ሊሸጠው ያልቻለው ሀብት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ቋንቋዋ ነው።

ይህን ሀብት ያስተዋሉት መምህሩ ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። እርሳቸውም በኢሉባቦር ተወልደው፥ በልጅነታቸው ተሰርቀው ተሸጠው፥ በ1870 በምጽዋ ነፃ የወጡ፥ በኋላም በስዊድን አገር የተማሩ ሰው ነበሩ። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለመተርጐም ሲነሡ አንድ ችግር ገጠማቸው፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከአገራቸው ርቀው ስለ ኖሩ የሕዝቡ ሕያው አነጋገር እንደሚፈልጉት አልተትረፈረፈላቸውም። አስቴር የቋንቋው ጣዕም በአፏ ነበረ። ስለዚህ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራው ተሰጣት፤ በ1893 የታተመው አዲስ ኪዳንም በዚሁ የቃላት ስብስብ ታረመ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ሌላው ሥራዋ ነው። በጆሮዋ የሰማችውን የሕዝብ ዘፈን፥ ተረት፥ ምሳሌያዊ አነጋገርና እንቆቅልሽ አምስት መቶ ያህል ጻፈች። በኦሮሞ ባሕል ከብት የሚወደስበት ዜማ አለ፤ ለሠርግና ለፍቅር የሚዘፈን ዌዱ አለ፤ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ጀግንነቱን ወይም ችግሩንና ወገን ማጣቱን የሚያወጣበት ጌራርሳም አለ። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ስንኝ ስለ ወንዝ፥ ስለ ዛፍ ወይም ስለ ከብት ይናገራል፤ የሚቀጥለው የልብን ጉዳይ ያወጣል፤ ሁለቱን የሚያያይዛቸው የድምፅ መመሳሰል ነው። የአማርኛም የእረኛ ዜማና እንጉርጉሮ ይህን መንገድ ያውቀዋል። በዚህ ዓይነት ግጥም ተፈጥሮ ለጌጥ የቆመ ሥዕል አይደለም፤ ብቸኛ ሰው በፊት ለፊት ሊናገረው ያልደፈረውን ነገር የሚጀምርበት በር ነው።

ወርድስወርዝ ከሰው ተለይቶ ወደ ኮረብታ ሲወጣ የሚያገኘው ኮረብታ በእርግጥ ከፊቱ ነበረ። አስቴር ግን ኮረብታዋ በሌለበት ስፍራ ተቀምጣ ኮረብታዋን በቃል ጠራች። ዘፈኖቹን እርሷ አልደረሰቻቸውም፤ የሕዝብ ናቸው። ነገር ግን ለብዙ ሰው የተዜመውን አንድ ብቸኛ ሰው ሲያስታውሰው፥ እርሱም ራሱ የብቸኝነት ግጥም መሆኑን ማን ይክዳል?

ከስብስቡ ብዙው ክፍል በ1894 በእምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። መጽሐፉም በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነበር። ገና ፊደል የሚቈጥር ልጅ ከባዕድ ተረት ሳይሆን ከእናቱ ዘፈን እንዲጀምር መደረጉ ታላቅ ብልኅነት ነው። ቀጥሎም ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ዳዊት በምድረ በዳ ብቻውን የጮኸበት መዝሙር በኦሮምኛ ሲነበብ፥ የሊሙዋ ልጅ ጆሮ ከበስተ ኋላው አለ። በመጽሐፉ ርእስ ገጽ የተጠቀሰው ተርጓሚ ግን ኦኔሲሞስ ብቻ ናቸው። የእርሳቸው ድካም ታላቅ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም አብራ የደከመችው ሴት ስሟ አለመጻፉ ዕዳ ነው። ከጻፈቻቸውም ዘፈኖችና ተረቶች ብዙዎቹ ሳይታተሙ ቀርተዋል።

እስካሁን አስቴርን እንደ ልጅ አንቺ እያልን አወጋን። በ1904 ግን ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ወገኖቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ በነቀምቴም መምህርት ሆኑ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ አንቱ ልንላቸው ይገባል። በገበያ ዋጋ ለተቈረጠላት ልጅ አንቱ መባል ቀላል ነገር አይደለም። ነቀምቴ ሊሙ አይደለም፤ ቋንቋው ግን የራሳቸው ነው፤ በቃል ያቈዩትንም በዚያ ለልጆች አስተማሩ። አስቴር ጋኖ ያረፉት በ1964 ነው።

ውድ አንባቢ፥ ለክረምት ዕረፍት ወደ ጅማ፥ ወደ አሰንዳቦ፥ ወደ ሊሙ ወይም ወደ ሌላ አገርህ ስትሄድ፥ እናትህ ቡና ስትለቅም ወይም እህል ስትፈጭ የምታንጐራጕረውን ስማ። ደብተር ይዘህ ጻፈው፤ ያዜመችውንም ሴት ስም ከላዩ አስፍር። አስቴር ጋኖ ይህን ያደረጉት አገራቸውን ከተነጠቁ በኋላ ነው። እኛ ግን አገራችን እያለን፥ እናቶቻችንም በሕይወት እያሉ ልናደርገው እንችላለን።