ሴሌና ኪንታኒያ፤ በልጅነቷ የጀመረች ዘፋኝ

የሰው ሕይወት የሚመዘነው በዕድሜ ርዝመት ብቻ ሳይሆን በሥራም ጭምር ነው። በ23 ዓመቷ የሞተችው ዘፋኝ ሴሌና ኪንታኒያ ለዚህ ምስክር ናት። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሴሌና በ1971 ዓ. ም. በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ ሌክ ጃክሰን በምትባል ከተማ ከሜክሲኮ ተወላጆች ቤተ ሰብ ተወለደች። አባቷ አብርሃም ኪንታኒያ በወጣትነቱ ዘፋኝ ስለ ነበረ፣ የልጁን የድምፅ ስጦታ ገና በሕፃንነቷ ተረዳ። ወንድሟን ባስ ጊታር፣ እኅቷን ከበሮ አስተምሮ የቤተ ሰብ የሙዚቃ ጓድ አቋቋመ።

ቤተ ሰቡ የከፈተው ምግብ ቤት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስለ ከሰረ ቤታቸውን ለቀው ኮርፐስ ክሪስቲ ወደ ተባለችው የወደብ ከተማ ሄዱ። በየሠርጉና በየመንገዱ ዳር እየተጫወቱ መኖር ጀመሩ። ለሌሎች ልጆች መዝናኛ የሆነው ዘፈን ለሴሌና የቤተ ሰብ እንጀራ ሆነ።

ችግሯ ግን ብዙ ነበር። ያደገችው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ የስፓኝ ቋንቋ አታውቅም ነበር፤ የዘፈኑን ቃላት በጆሮዋ እየሰማች አጠናች፤ ቈይታም ቋንቋውን ተማረች። የምትጫወተው ቴሃኖ የሚባለው የቴክሳስ ሜክሲኮዎች ሙዚቃ በወንዶች የተያዘ ስለ ነበር፣ ሴት ዘፋኝ አንቀጥርም የሚሉ አልጠፉም። በሥራ ብዛትም ትምህርቷን በ8ኛ ክፍል አቋረጠች። ነገር ግን በመንገድ ላይ እያለች በደብዳቤ እየተማረች በ1989 የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማዋን አገኘች።

በዚያው ዓመት ታላቅ የሸክላ ኩባንያ አስፈረማት። በ1994 የግራሚ ሽልማት ተቀበለች፤ አሞር ፕሮሂቢዶ የተባለው አልበሟም በዚያው ዓመት ወጣ። በፌብሩዋሪ 1995 በሂውስተን ከ60,000 በላይ ሕዝብ ፊት ዘፈነች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ማርች 31 ቀን፣ የአድናቂዎቿ ማኅበር ኀላፊ የነበረች ሴት በገንዘብ ጉድለት ሳቢያ በተነሣ ጠብ በጥይት ገደለቻት። ገዳይዋም ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። ከሞቷ በኋላ በጁላይ የወጣው ድሪሚንግ ኦቭ ዩ የተባለው አልበሟ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ።

እኛ ተማሪዎች የሁላችንም ድምፅ እንደ እርስዋ ያማረ አይደለም። ነገር ግን ከሥራ ጋር ታግላ ትምህርቷን መፈጸሟን ልንከተል እንችላለን። እርስዋ በጕዞ ላይ ሆና ያገኘችውን ዲፕሎማ እኛ ደብተርና አስተማሪ ቀርቦልን ሳለ ብናጣው ምን ምክንያት እናቀርባለን?