ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ እና የሕክምና ትምህርት ባለውለታዎች

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ስማቸው በግንባር ቀደምትነት ከሚነሣ ኢትዮጵያውያን አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ናቸው። በሰኔ ወር 1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቢወለዱም፣ ገና በሦስት ዓመታቸው ከእናታቸው ጋር ወደ ድሬዳዋ በመሄዳቸው የልጅነት ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚያችው የባቡር ከተማ ነበር። በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ወቅት አባታቸው አቶ ወልደየስ አልታዬ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ የግድያ ሙከራ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ሕይወታቸውን አጡ፤ አያታቸው ቀኛዝማች ጽጌ ወረደም ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ።

አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ አሥራት ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ ተማሩ። ከዚያም በግብፅ ወደሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በስኮትላንድ ወደሚገኘው የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተልከው የሕክምና ትምህርታቸውን ተከታተሉ።

ስለ ኤዲንብራ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። የሕክምና ተማሪ የሰውን አካል ውስጣዊ አሠራር የሚያውቀው አስከሬን ከፍቶ በማጥናት እንደመሆኑ፣ ያች ከተማ በዚህ ረገድ የከፋ ታሪክ አላት። በዘመኑ ለጥናት የሚፈቀደው አስከሬን እጅግ ጥቂት ስለነበር መቃብር እየቆፈሩ መሸጥ የተለመደ ሆኖ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1828 በርክ እና ሄር የተባሉ ሁለት ሰዎች 16 ሰዎችን ገድለው አስከሬናቸውን ዶክተር ሮበርት ኖክስ ለተባሉ የአናቶሚ መምህር ሸጡ። በርክ በ1829 ከተሰቀለ በኋላ የራሱም አስከሬን ለተማሪዎች ተከፈተ፤ አፅሙ ዛሬም በዩኒቨርሲቲው ይገኛል። በ1832 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ጠያቂ የሌላቸው ሰዎች አስከሬን ለትምህርት እንዲውል ፈቀደ። ይህም የመቃብር ዝርፊያውን ቢያስቀርም ሸክሙን በድሆች ላይ የጣለ ነበር። ሰዎች በኑዛዜ አስከሬናቸውን የመስጠት ልማድ በብሪታንያ የተስፋፋው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

ዶክተር አሥራት በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ አገራቸው ተመልሰው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ካገለገሉ በኋላ፣ ዳግም ወደ ኤዲንብራ ሄደው በቀዶ ሕክምና ልዩ ሥልጠና አገኙ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ በመሆን በመምህርነትና በዲንነት ሠርተዋል። ከዚያ በፊት ሐኪም ለመሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። አሁን ግን ትምህርቱ እዚሁ ሊሰጥ ሆነ፤ ለትምህርቱ የሚያስፈልገው አስከሬንም እዚሁ መገኘት ነበረበት።

በአገራችን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለአናቶሚ ትምህርት የሚውለው አስከሬን በአብዛኛው በሆስፒታል ሕይወታቸው አልፎ ወገን ያልተገኘላቸው፣ ያለዚያ በማዘጋጃ ቤት ይቀበሩ የነበሩ ሰዎች አስከሬን ነው። በሕይወት ሳሉ ፈቃዳቸው አልተጠየቀም። ሕጉ ግን ሰው ስለ ገዛ አካሉ እንዲወስን በሩን አልዘጋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 18 እና 19 ስለዚሁ ጉዳይ ደንግጓል፤ በሕይወት ሳለም ሆነ ከሞት በኋላ አካሉን ወይም ከፊሉን ለመስጠት ቃል የገባ ሰው ሐሳቡን በማንኛውም ጊዜ መሻር እንደሚችልም ይገልጻል። ይሁን እንጂ በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ዘንድ ሟችን አጥቦና ገንዞ ሳይውል ሳያድር በሙሉ አካሉ መቅበር የጸና ሥርዓት በመሆኑ፣ በዚህ ሕግ የተጠቀመው ሰው ጥቂት ነው። በ1995 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ አማካይነት ግን ከሞት በኋላ የዓይን ብሌን የመለገስ ጅምር ታይቷል፤ ቃል ከገቡት አንዱ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ነበሩ።

ፕሮፌሰር አሥራት ስለ ሟች እውነቱን መናገር ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜም ገጥሟቸዋል። በነሐሴ ወር 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ችግር መሞታቸውን ሲያስታውቅ፣ ሐኪማቸው የነበሩት አሥራት እንዲህ ያለ ችግር እንዳልነበረ በመግለጽ ምክንያቱን አልተቀበሉም። የንጉሠ ነገሥቱ አስከሬን ለቤተሰብ ሳይሰጥ ቆይቶ በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥት ግቢ ተቀብሮ ተገኝቷል።

በዚያው ዓመት ፕሮፌሰሩ የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን መሥርተው በሊቀመንበርነት መሩ። በ1985 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበቱ፤ በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ። በእሥር ቤት ጤናቸው ክፉኛ በመታወኩ በ1991 ዓ.ም. ተፈትተው ለሕክምና ወደ አሜሪካ ቢሄዱም፣ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ከተማ አረፉ።

ባደጉባት ድሬዳዋ ዛሬ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የጤና ሳይንስ ካምፓሱ በስማቸው ተሰይሟል፤ ወደዚያ የሚገቡ የሕክምና ተማሪዎችም ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶቻቸው አንዱ አናቶሚ ነው።