ካርታ ሠሪው መርካቶር

ገራርዱስ መርካቶር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1512 ዓ.ም. ፍላንድር በሚባል አገር፥ ሩፐልሞንደ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ድኻ ጫማ ሰፊ ነበረ። አባቱም በሞተ ጊዜ ዘመዱ የኾነ አንድ ቄስ ተቀብሎ አስተማረው። በሉቨን ከተማ የቍጥርንና የከዋክብትን ትምህርት ተማረ፤ ካርታንም በመዳብ ሰሌዳ ላይ መቅረጽን ለመደ። በ1537 ያወጣው የመዠመሪያ ካርታ የቅድስት አገር ካርታ ነው።

በ1544 ግን መናፍቅ ነው ተብሎ ተከሰሰና ታሰረ። አብረውት ከተከሰሱት አንዳንዶቹ ተገደሉ። የሚያውቁት ሰዎች ስለ መሰከሩለት እርሱ ከሰባት ወር በኋላ ተፈታ። በ1552 ዱይስቡርግ ወደምትባል የጀርመን ከተማ ሄዶ ተቀመጠ።

በዚያ ዘመን መርከበኞችን የሚያስቸግር ነገር ነበረ። ምድር ክብ ናት፤ ካርታ ግን ጠፍጣፋ ወረቀት ነው። የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀደድ በገበታ ላይ እንደማይዘረጋ፥ የምድርም መልክ ሳይለወጥ በወረቀት ላይ አይዘረጋም። መርከበኛው በኮምፓስ አንድ አቅጣጫ ይዞ ሲሄድ፥ መንገዱ በካርታው ላይ ቀጥ ያለ መሥመር አልነበረም። ይህን ሳያውቅ ቀጥ ያለውን መሥመር የተከተለ ካሰበው ወደብ ይርቅ ነበረ።

መርካቶር በ1569 ባወጣው የዓለም ካርታ መላ አገኘለት። ከዋልታ ወደ ዋልታ የሚሄዱት መሥመሮች በእውነት ወደ ዋልታው ሲቀርቡ ይጠጋጋሉ፤ እርሱ ግን ጐን ለጐን ቀጥ አድርጎ አቆማቸው። በዚህም ምክንያት አገሩ ወደ ጐን ስለ ሰፋ፥ በዚያው ልክ ወደ ላይ ዘረጋው። እንዲህ በማድረጉ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ቀጥ ያለ መሥመር ኾነ። ካርታው 18 ወረቀት ተገጣጥሞ ሁለት ሜትር ያኽል ይሰፋ ነበረ። መርከበኞች ግን ወዲያው አልተቀበሉትም፤ ኤድዋርድ ራይት የሚባል እንግሊዛዊ ስሌቱን በቍጥር ሠንጠረዥ አድርጎ ያሳተመው በ1599 ነው።

ይህ ካርታ አቅጣጫን ቢጠብቅም ስፋትን ያሳስታል። ግሪንላንድ አፍሪቃን አክላ ትታያለች፤ አፍሪቃ ግን 14 ጊዜ ያኽል ትበልጣታለች። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ኾነች መጠንዋ ብዙ አልተለወጠም፤ ነገር ግን ከሰሜን አገሮች ጋር ስትተያይ ያለ አግባብ ታንሳለች። ዛሬም በኮምፒዩተር ከሚታዩት ካርታዎች ብዙዎቹ በእርሱ ስልት ተዘርግተዋል። በኮምፒዩተር ካርታ የሚሠራ ሰው ምድር በየትኛው ስልት እንደ ተዘረጋች ለይቶ ካላመለከተ፥ አንዱን ካርታ በሌላው ላይ ሲደርብ ወንዙ ከድልድዩ ይለያያል። ስፋት የሚለካም ሌላ ስልት ይመርጣል።

መርካቶር የካርታዎቹን መጽሐፍ ሳይጨርስ በ1594 ዱይስቡርግ ላይ ሞተ። ልጁ ሩሞልድ በ1595 አሳተመው፤ ስሙም አትላስ ተባለ።