ሉዊ ሬኖና የፒኞኑ ልክ

ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ የጣርማ በርን ዳገት የሚወጣ ካሚዮን ስናይ፥ ሸክሙን ሁሉ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ኮሮናና ፒኞን የተባሉ ባለ ጥርስ ብረቶች እንደሚችሉት አናስብም። ይህን አሠራር በአውቶሞቢል ላይ ካስለመዱት አንዱ ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ነው።

ሬኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደ። በዘመኑ የብዙ መኪናዎች ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው በሰንሰለት ወይም በጠፍር ነበር። እርሱ ግን በ1898 ዓ.ም. ኃይልን በዘንግና በጥርስ የሚያስተላልፍ ትንሽ መኪና ሠርቶ፥ በገና ዋዜማ የሞንማርትርን ዳገት ወጣበት። ያን ሌሊት 12 ሰዎች አዘዙት፤ በማግሥቱም ዓመት ከወንድሞቹ ጋር ፋብሪካ አቋቋመ።

ፒኞን ወደ ኮሮና እጅግ ቢጠጋ ይግላል፤ ቢርቅም ይጮኻል፥ ጥርሱም ይሰበራል። ስለዚህ መካኒክ ክፍተቱን ከሚሊሜትር ባነሰ ልክ ያስተካክላል፤ ጥርሱን ቀለም ቀብቶም የሚነካካበትን ስፍራ ይመረምራል።

ጀርመኖች ፓሪስን በያዙ ጊዜ የሬኖ ፋብሪካ ካሚዮን ሠራላቸው። በ1944 ዓ.ም. ከጠላት ጋር ተባብሯል ተብሎ ታሰረ፤ ነገሩ በዳኛ ፊት ሳይታይ በጥቅምት ሞተ። ፋብሪካውንም መንግሥት ወረሰው።

እኛ ወጣቶች ከእጁ ሥራ ብልሃትን፥ ከፍጻሜው ደግሞ ወደ ኃይለኛ ስንጠጋ ልካችንን መጠበቅን እንማራለን።