አልፍሬድ ኢልግ

አልፍሬድ ኢልግ (መጋቢት 22 ቀን 1846 ዓ.ም. – ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም.፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1854–1916) የስዊስ መሐንዲስ ሲሆኑ ሃያ ሰባት ዓመት ያህል በዳግማዊ አጼ ምኒልክ አገልግሎት ውስጥ ቆይተዋል። በኢትዮጵያ ሙሴ ኢልግ በሚል ስም ይታወቃሉ። ስማቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከጅቡቲ የምድር ባቡር ጋር ነው። በቴምብር ሰብሳቢዎች ዘንድ ግን የሚታወሱት በ1886 ዓ.ም. በታቀዱትና በፓሪስ በታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሰባት የኢትዮጵያ ቴምብሮች ነው።

ትምህርትና ወደ ሸዋ መምጣት

ኢልግ የተወለዱት በስዊዘርላንድ ቱርጋው ክፍለ ሀገር፣ ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ነው። በወጣትነታቸው በእጅ ሞያ ከሠለጠኑ በኋላ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምህንድስና ተምረዋል። በዚያን ዘመን የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የአውሮፓ ባለሞያ ይፈልጉ ስለነበር፣ በዓደን በነበረ የስዊስ ንግድ ቤት አማካይነት ጥሪው ለኢልግ ደረሳቸው። ከሁለት የአገራቸው ሰዎች ጋር ሆነው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ።

ስለ መጀመሪያው ጊዜያቸው ብዙ ይወራል። ንጉሡ ሊፈትኗቸው በመጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ አሠሯቸው የሚለው ታሪክ በሰፊው ይነገራል፤ ኢልግ ጠመንጃውን ከውጭ መግዛት እንደሚረክስ ቢያስረዱም ትእዛዙን ፈጽመዋል ይባላል። ወሬው እውነትም ይሁን ተረት፣ የኋላ ሥራቸውን ጠባይ በደንብ ያሳያል፤ ለአንድ ሰው የሚበዛ ልዩ ልዩ ሥራ ይታዘዙ ነበር። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርተዋል፤ ለቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አስገብተዋል፤ በሕንፃ ሥራም ተሳትፈዋል። በሐረር ይነግድ ከነበረው ፈረንሳዊ ገጣሚ አርተር ራምቦ ጋር ስለ ንግድ ጉዳይ ይጻጻፉ ነበር።

ከውጫሌ ውል እስከ ፓሪስ ማተሚያ

የቴምብሩ ታሪክ መነሻ ያለው በወሎ፣ በአምባሰል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር በውጫሌ አጠገብ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ሰፈር ውል ተዋዋሉ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛውና በኢጣልያንኛው የተለያየ ትርጉም ነበረው። አማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመነጋገር ከፈለገች በኢጣልያ በኩል ማድረግ እንደምትችል ሲል፣ ኢጣልያንኛው ይህን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ይህን በትምህርት ቤት ያልተማረ የለም። ብዙ ጊዜ የማይነሣው፣ ደጃዝማች መኮንን (በኋላ ራስ) በመስከረም 1882 ዓ.ም. በኢጣልያ የፈረሙት ተጨማሪ ስምምነት ነው። በዚያ ስምምነት መሠረት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የራሱን ገንዘብ ማሠራት ቢፈልግ የሚቀረጸው በኢጣልያ ማተሚያ ቤት መሆን ነበረበት።

ስለዚህ ገንዘብና ቴምብር የት ይሠራ የሚለው ጥያቄ የዋጋና የጥራት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። በዓመቱ፣ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም.፣ ለኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ቀጥሎም 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት የተቀረጸበት የምኒልክ ብር በሮም ሳይሆን በፓሪስ ወጣ። ቴምብሮቹም እዚያው ፓሪስ ታተሙ። ሥዕሉን የቀረጸው በፈረንሳይ ቴምብሮች የታወቀው ኤዤን ሙሾን ነበር። ትእዛዙን ከአውሮፓ ጋር ያገናኙት ኢልግ ሲሆኑ፣ ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኖም በዚህ ሥራ አብሯቸው ነበር።

በሩብ፣ በግማሽ፣ በ1 እና በ2 ግርሽ ቴምብሮች ላይ ዘውድ የደፉት ምኒልክ ይታያሉ። በ4፣ በ8 እና በ16 ግርሽ ላይ ያለው ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ነው። ጽሑፉ በግዕዝ ፊደል ብቻ ነበር። ቀለማቸው ከትንሹ ሲጀመር አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ያዘለ ቡናማ፣ ሐምራዊና ጥቁር ነው። አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ እያንዳንዱ ዋጋ ከበፊቱ በትክክል እጥፍ ነው። በዚህ ምክንያት ከሰባቱ አንዱንም ሳይደግሙ ከሩብ ግርሽ እስከ 31 ከሦስት ሩብ ግርሽ ድረስ በሩብ በሩብ የሚጨምር ማንኛውንም ክፍያ መሙላት ይቻላል። ዛሬ ኮምፒውተር ቁጥር የሚይዝበት ዘዴም ይኸው ነው።

ብሩ እንደ ቴምብሩ አልቀናውም። ሕዝቡ የለመደው 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበትን የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ ንግሥቲቱ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም በዚያው ዓመት እየተቀረጸ ይመጣ ነበር። ገበያተኛው የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁ እየቆጠረ ይቀበለው ነበር እንጂ አዲሱን በቀላሉ አላመነውም። በኢልግ የሕይወት ዘመን የምኒልክ ብር ማርያ ቴሬዛን ከገበያ ማስወጣት አልቻለም።

የሰባቱ ቴምብሮች ሽያጭና ፍጻሜ

ቴምብሮቹ በአገር ውስጥ አገልግሎት መስጠት የጀመሩት በ1887 ዓ.ም. ሲሆን በቅድሚያ የሚያገለግሉት በሐረር በኩል ወደ ባሕር በር በሚወስደው መንገድ ነበር። ኢትዮጵያ ገና የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልሆነች ቴምብሮቿ ከድንበር ውጭ አይቆጠሩም ነበር። ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ከኢትዮጵያው ቴምብር በተጨማሪ የፈረንሳይ ግዛት የጅቡቲ ወይም የኦቦክ ቴምብር ይለጠፍበት ነበር። በአገር ውስጥ ደግሞ በፖስታ የሚጻጻፈው ሰው ጥቂት ነው። በዚህም የተነሣ ከታተመው ብዙው የሄደው ወደ ደብዳቤ ሳይሆን ወደ አውሮፓ ሰብሳቢዎች መዝገብ ነው።

ሙሉ ስብስብ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ሽያጩ መቼ እንደሚያበቃ ነው። በመስኮት እየተሸጠ ላለ ነገር ከተጻፈበት ዋጋ በላይ የሚከፍል የለም፤ ከሽያጭ ሲወጣ ግን የሚፈልገው ሰው ካለው ሰው መለመን ይጀምራል። ዛሬ የሌጎ መጫወቻ ሳጥኖች መቼ ከመደብር እንደሚነሡ አስቀድመው ለመገመት የሚሞክሩ ሰዎች የሚያሰሉት ይህንኑ ነው። የኢልግ ቴምብሮች ለዚህ ዓይነቱ ግምት አስቸጋሪ ምሳሌ ናቸው፤ የተለመዱት ምልክቶች በአብዛኛው አሳሳች ሆነው ተገኝተዋልና።

በሌሎች አገሮች ንጉሥ ሲሞት ቴምብር ይለወጣል። ምኒልክ ግን እስከ 1906 ዓ.ም. በሕይወት ነበሩ፤ ሞታቸውን የጠበቀ ሰብሳቢ ሽያጩ ካበቃ ከብዙ ጊዜ በኋላም ሲጠብቅ ይገኝ ነበር። ክምችቱ ሲያልቅ ሽያጩ ይቆማል ብሎ ማሰብም አልሠራም። በ1893 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1901) እነዚያው ሰባት ቴምብሮች የኢትዮጵያ ስም በላቲን ፊደል በላያቸው ተመትቶ እንደገና ወጡ። በ1902 እ.ኤ.አ. ቦስታ የሚለው የአማርኛ ቃል ተመታባቸው። ከዚያም ሌሎች ቃላት ተከተሉ፤ በ1905 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፈረንሳይ ሳንቲም የተተመነ ዋጋ መጣ። ስለዚህ ያለ ምት የነበረው ስብስብ ከሽያጭ ወጥቶም እንኳ ሥዕሉ በሌላ መልክ እየተመለሰ ይሸጥ ነበር። ሁሉንም ልሙላ ያለ ሰብሳቢ ተመሳሳይ ሰባት ቴምብሮችን ደጋግሞ ለመግዛት ተገደደ።

በመጨረሻ ፍጻሜውን ያመጣው ከቴምብሩ ውጭ ያለ ጉዳይ ነበር። ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1908) ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ቴምብሮቿ በውጭ አገርም የሚቆጠሩ በመሆናቸው በፈረንሳይኛም ጭምር የተጻፈበት አዲስ ስብስብ በ1909 እ.ኤ.አ. ወጣ። ይህም ሰባት ቴምብሮች ያሉት ሲሆን የሰሎሞን ዙፋንና የምኒልክ ሥዕል ነበሩበት። የፓሪሱ ሥዕል አሥራ አራት ዓመት ያህል አገልግሎ እዚህ ላይ ቆመ። ቀኑን መገመት ይችል የነበረው የማተሚያ ቤቱን ክምችት የቆጠረ ሳይሆን የአዲስ አበባን የዲፕሎማሲ ወሬ የተከታተለ ሰው ነበር።

ገምቶ ያገኘውም ቢሆን ብዙ አልተጠቀመም። ያልተሠራባቸው የ1886ቱ ቴምብሮች ከመቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ዛሬም በርካሽ ከሚገኙት የአፍሪካ የመጀመሪያ ቴምብሮች መካከል ናቸው። ሁሉም ሰው ለማስቀመጥ ስለገዛቸው ሁሉም ተርፈዋል። በጣም የሚፈለገው ሌላ ነው፦ በዚያ ዘመን በእውነት ከሐረር ወይም ከእንጦጦ ተነሥቶ፣ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ቴምብር ጎን ለጎን ተለጥፎበት ባሕር የተሻገረ ፖስታ። ያን ማንም አስቦ አላስቀመጠውም፤ ደብዳቤውን ያነበበው ሰው ፖስታውን ጣለው። በእጅ ማኅተም የተመቱት ቴምብሮችም ተፈላጊ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ምቱን ማስመሰል ቀላል በመሆኑ በሐሰት የተሠሩት ብዙ ስለሆኑ ያለ ባለሞያ ምርመራ አይገዙም።

የመንግሥት አማካሪነትና ባቡሩ

የውጫሌ ውል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተደረገው የዓድዋ ድል በኋላ፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል ፈረሰ። በዚያው 1889 ዓ.ም. ኢልግ የመንግሥት አማካሪ ተብለው ተሾሙ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሚባል ሹመት ገና ባልነበረበት ጊዜ ከዓድዋ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የጎረፉትን መልእክተኞች በማስተናገድና ደብዳቤ በማዘጋጀት ይህን ሥራ በተግባር ሠርተዋል። የባሕር በር ከሌላት አገር የመጡ በመሆናቸው በኢትዮጵያ መሬት ላይ ዓይኑን የጣለ መንግሥት ከኋላቸው አልነበረም፤ ምኒልክ ያመኗቸው በዚህም ምክንያት ይመስላል።

የባቡሩ ጉዳይ ግን ከብዷቸዋል። ከሼፍኖ ጋር ያቋቋሙት ኩባንያ ሥራውን ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አለቀ፤ ፈረንሳይና እንግሊዝ በመስመሩ ባለቤትነት ተሻሙበት፤ ምኒልክም ባቡሩ የሌላ አገር መግቢያ እንዳይሆን ሠጉ። ኢልግ ከንጉሠ ነገሥቱ ፍላጎትና ከፈረንሳይ ባለገንዘቦች ፍላጎት መካከል ገብተው በሁለቱም ወገን ተጠረጠሩ። በዚህ መካከል ከምኒልክ ጋር የነበራቸው ቅርበት ላላ። በ1898 ዓ.ም. ገደማ ከኢትዮጵያ ወጥተው በዙሪክ ተቀመጡ፤ ኩባንያውም ብዙ ሳይቆይ ከሰረ። አዲሱ የቴምብር ስብስብ ሲወጣ እሳቸው በሥራው ላይ አልነበሩም።

ኢልግ በ1887 ዓ.ም. ፋኒ ጋቲከር የተባለች የዙሪክ ሴት አግብተው ነበር፤ እሷም በአዲስ አበባ አብራቸው ኖራለች። ኢልግ በዙሪክ ያረፉት በአውሮፓ የዘወትር ቀን በሆነው፣ በኢትዮጵያ ግን የገና በዓል በነበረበት ዕለት ነው። የሰበሰቧቸው የኢትዮጵያ ዕቃዎችና ያነሷቸው ብዙ ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የብሔረሰቦች ሙዚየም ይገኛሉ። ፈቃዱን የተቀበሉበት ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.፣ ከሞቱ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ነው።