ሰባት ሰዓት የፈታቱት አድሚራል

ስለ ኮምፒዩተር ሲወራ አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጡት ስሞች ቢል ጌትስና ስቲቭ ጆብስ ናቸው። የግሬስ ሆፐርን ስም ግን አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ በር ላይ ቆሜ ብጠይቅ ስንቱ እንደሚመልስልኝ እንጃ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ የእኚህ ሴት ባለዕዳ ነው።

ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1906 ኒውዮርክ ውስጥ ተወለዱ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የቤቱን የማንቂያ ሰዓቶች እየፈታቱ ሰባተኛው ላይ እናታቸው ደረሱባቸው፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓት ብቻ ተፈቀደላቸው ይባላል። በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ዶክትሬት አገኙ። ጦርነቱ ሲመጣ ባሕር ኃይል ለመግባት ቢያመለክቱ ኪሏቸው አነሰ። በ1943 በልዩ ፈቃድ ገቡና በማግሥቱ ዓመት ሃርቫርድ በሚገኘው ማርክ አንድ በተባለው ግዙፍ ማሽን ላይ ተመደቡ።

በዚያን ጊዜ ፕሮግራም ማለት የቁጥር ክምር ነበር። አንዴ የሠራ ቁራጭ ፕሮግራም በደብተር ይቀመጥና ለሌላ ሥራ በእጅ ይገለበጣል። ሰው ደግሞ ሲገለብጥ ይሳሳታል። ሆፐር ግልበጣውን ራሱ ማሽኑ እንዲሠራው አሰቡና በ1952 ኤ-ዜሮ የተባለውን ኮምፓይለር ሠሩ። ኮምፒዩተር የሚያሰላ እንጂ ፕሮግራም የሚጽፍ አይደለም ብለው ያላመኗቸው ብዙ ነበሩ።

ቀጥለው ትዕዛዙ በተራ እንግሊዝኛ ይጻፍ አሉ። ያው ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛም እንደሚሠራ ለአለቆቻቸው ቢያሳዩ፣ አለቆቹ የአሜሪካ ኮምፒዩተር ፈረንሳይኛ ሊያውቅ ነው ብለው ደነገጡ! ለማሽኑ ግን ሁሉም ምልክት ነው። ከዚህ ሥራ በ1959 የተጀመረው ኮቦል ብዙ ወሰደ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ልግስናቸው ነው። በ1953 ኤ-2 የተባለው ኮምፓይለራቸው ከነሶርስ ኮዱ ለደንበኞች ታደለ፤ ያሻሻለ ያሻሻለውን እንዲልክም ተጠየቀ።

ሰሞኑን አንድ የሠፈሬ ልጅ የእናቱን ሱቅ ዱቤ የሚመዘግብ ፕሮግራም ልሠራ ነው ብሎ የተሰረቀ ቅጂ በፍላሽ ይዞ መጣ። በነፃ የሚገኝ ሞልቶ! ከ1987 ጀምሮ ጂ.ሲ.ሲ. አለ። ለሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ብሎክስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለዊንዶውስ ሲያወርዱ ስሙ ላይ ሚንጂደብልዩ የሚል ያለበትን ፋይል ካልመረጡ መጻፊያውን ብቻ ይዘው ይቀራሉ፣ ኮምፓይለር የለውም። ለዚህ ልጅ የመረጥኩለት ላዛረስን ነው። ኮምፓይለሩ ፍሪ ፓስካል አብሮ ይጫናል፤ መስኮቱንና ቁልፎቹን በማውስ እየጎተቱ ያስቀምጣሉ። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ፣ ላዛረስም ዩቲኤፍ-8 ስለሚጠቀም፣ ቁልፉ ላይ ዱቤ ብሎ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ትዕዛዞቹ ግን አሁንም እንግሊዝኛ ናቸው። እንዲያ መሆን እንደሌለባቸው ሆፐር ያሳዩት ከስንት ዘመን በፊት ነው።

ባሕር ኃይሉ ጡረታ ካወጣቸው በኋላ መልሶ ጠርቷቸው በ1986 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ለመጨረሻ ጊዜ ሲሰናበቱ 79 ዓመታቸው ነበር፤ ማዕረጋቸውም ሪር አድሚራል። በ1992 በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት አርፈው አርሊንግተን ተቀበሩ። በስማቸው የተሰየመ የጦር መርከብ አለ።